ሙንጂ ከኮምፒውተሩ አልወጣ ያለበት የአበባ ወቅት

እ.ኤ.አ. በ2013፣ ማርች 26 ቀን፣ ማክሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ የዘኪያ ስልክ ጠራ። ዘኪያ ግቢዋ ውስጥ ነጭ አንሶላ አንጥፋ፣ ከጎረቤቷ ከላላ ዱጃ ጋር የመራራ ብርቱካን አበባ ትለቅም ነበር፤ ቅጠሉን ወዲያ፣ አበባውን ወዲህ። እጇ በአበባው ወዝ ስለተጣበቀ ስልኩን በትንሿ ጣቷ ነክታ ድምፁን ለግቢው ሁሉ ለቀቀችው።

«ዘኪያ፣ ረጀብ ነኝ፣ ከማርሴይ» አለ የአበባ ውሃ ደንበኛቸው። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው፤ ግን እንዳትቆጪኝ።»

«ጠይቀኝ፣ ሲ ረጀብ» አለች በአክብሮት።

«ሙንጂን ቀብራችሁታል አይደል?»

ላላ ዱጃ የያዙት ቅርንጫፍ ከእጃቸው ወደቀ።

«ምን ማለትህ ነው? ቀብረነዋል እንጂ» አለች ዘኪያ። «አንተስ ራስህ ደውለህ አልቅሰህ የለ?»

«አልቅሻለሁ። ሚስቴም አልቅሳለች። ታዲያ ትናንት ማን ነው የጻፈልኝ? ‹የዘንድሮው አበባ ያማረ ነው፤ ምን ያህል ልላክልህ?› ይላል። ከላይ የሙንጂ ስም አለ። ከታች ደግሞ ያቺው የምሳ ነገሩ።»

ዘኪያ ወዲያው ገባት። ሙንጂ በሕይወት ሳለ የቤቱን ደብዳቤ ሁሉ በኢሜይል የሚጽፈው እሱ ነበር። እሷ የአበባውን ውሃ ታወጣለች፣ እሱ ለጣፋጭ ሠሪዎቹ ይጽፋል። ኮምፒውተሩ በገባ ጊዜ የኢሜይሉን ፕሮግራም ራሱ አበጅቶት፣ ከያንዳንዱ ደብዳቤ ግርጌ ይህች ቃል በራሷ እንድትመጣ አድርጓት ነበር፦ «ይህን የጻፈው ሰው ምሳው ቀርቧል። ለመልስ አትቸኩሉ፤ እሱም አይቸኩልም።»

«የጻፍኩልህ እኔ ነኝ» አለች። «በሱ ኮምፒውተር ስለሆነ ነው።»

«ይሁን፣ አመንኩሽ። ሚስቴ ግን አላመነችም፤ መንፈስ እንዳይገባ ማታውን በየደጃፉ ጨው ስትነሰንስ ነው ያመሸችው።» ረጀብ ራሱ ሳቀና ወዲያው ቆም አለ። «ስሚኝ፣ እህቴ። የደብዳቤው ቅጂ ከጭነቱ ወረቀት ጋር ይያያዛል። የላኪው ስም የሟች ስም ከሆነ ጭነቱ ወደብ ላይ ይቀራል። እስከ ሐሙስ ለመርከቡ ማስመዝገብ አለብኝ። እስከዚያ በገዛ ስምሽ ጻፊልኝና የወቅቱን ውሃ ሁሉ እወስዳለሁ። ካልሆነ ዘንድሮን ከሌላ ሰው ልገዛ ነው። ከሞተ ሰው ጋር መገበያየት አልችልም፤ ብወደውም።»

ስልኩ ተዘጋ። ላላ ዱጃ የወደቀውን ቅርንጫፍ አነሱና፣ «እኔ ሙንጂን አውቀዋለሁ» አሉ። «በቀላሉ አይወጣም።»

ዘኪያ ሳቀች። ከሳቋ በታች ግን ሌላ ነገር ነበር። የመበለትነት ወራቷን ጨርሳ ከቤት ከወጣች ገና ሁለት ሳምንቷ ነው፤ ይህ ያለ ባሏ የምታወጣው የመጀመሪያው አበባ ነው። የሙንጂ ወንድም ሻዝሊ ከለቅሶው ማግስት ጀምሮ የአበባው ውሃ የሚወጣባትን የመዳብ ማፍሊያ ወስጄ እኔ ግቢ ልትከላት እያለ ነው። ክፋት የለበትም፤ ሴት ብቻዋን አትችለውም ብሎ ነው። ረጀብ ካልገዛ ግን የምትመልስለት ቃል አይኖራትም። የሙንጂ እናት ንብረት የነበረችው ያቺ ማፍሊያ ከግቢው ከወጣች ደግሞ፣ በከተማቸው በናቡል የአበባ ሽታ የሌለው ቤት የሷ ብቻ ይሆናል።

ቱኒስ ለምትኖረው ለእህቷ ልጅ ለኢናስ ደወለች። ኢናስ የሒሳብ አስተማሪ ናት፤ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ስለነበር በጋራ ታክሲ ተሳፍራ ለምሳ ደረሰች። ገና ከበሩ፣ ቦርሳዋን ሳታወርድ፣

«አክስቴ፣ ባልሽ ዛሬም ይጽፋል አሉ» አለች።

«መጻፉንስ ይጻፍ። ምሳዬ ቀርቧል ይላል እንጂ። ማን ነው የሚያቀርብለት?»

«ቀንተሻል ማለት ነው።»

«ግቢና ብይ፣ አንቺ ባለጌ። የተጠበሰው ቡሪክ ሳይቀዘቅዝ።»

ኮምፒውተሩ የመግቢያው ክፍል ውስጥ፣ ከሙንጂ ቀይ ቆብ ሥር ነበር። ቆቡ ከሚስማሩ አልወረደም፤ ማንም አውርዱ አላለም። ኢናስ በልታ ስትጨርስ ወንበሩ ላይ ተቀመጠችና ስሙን ለመቀየር ሴቲንግ የሚለውን ነካች። ፕሮግራሙ ነጭ ሆኖ ደረቀ። ዘግታ ከፈተችው፤ አሁንም ሴቲንጉ ጋ ሲደርስ ደረቀ።

«ታሟል» አለች። «ነቅዬ እንደገና ልጫነው። ቀላል ነው።»

ነቀለችው። ኮምፒውተሩ እርግጠኛ ነሽ ወይ ብሎ ጠየቃት፤ አዎ አለችው። አዲሱን ከኢንተርኔት አውርዳ ጫነች። ዘኪያ እጇን በመቀነቷ እየጠረገች ከኋላዋ ቆማለች። ፕሮግራሙ ተከፈተ።

ከላይ በግራ በኩል የሙንጂ ስም። ከሥሩ ደብዳቤዎቹ በየተራቸው፣ አንዱም ሳይጎድል። ኢናስ አዲስ ደብዳቤ ስትከፍት፣ ባዶው ወረቀት ግርጌ ላይ ያችው፦ «ይህን የጻፈው ሰው ምሳው ቀርቧል።»

«ነቅዬዋለሁ እኮ» አለች ኢናስ።

ላላ ዱጃ ወንፊት ሊዋሱ የመጡ መስለው በሩ ላይ ቆመዋል። «ምን አልኳችሁ? ሙንጂ በሕይወቱም ከዚህ ወንበር የሚነሳው ለምሳ ብቻ ነበር።»

ኢናስ እልህ ያዛት። እንደገና ነቀለችው፤ ምልክቱን ቅርጫት ውስጥ ጣለች፣ ቅርጫቱን ደፋች፣ ኮምፒውተሩን አጥፍታ ሻይ እስኪጠጣ አሳረፈችው። ከዚያ አስነስታ ጫነችው። ሴቲንጉ ጋ ሲደርስ ያው ደረቀ። ስሙም ያው ነው፤ ምሳውም ያው።

«ፋቲሃ ቅሩበት» አሉ ላላ ዱጃ።

«ላላ ዱጃ፣ ኮምፒውተር ነው እኮ።»

«ቢሆንስ? ምን ይጎዳል?»

ሦስቱም መዳፋቸውን ዘርግተው የቁርኣኑን መክፈቻ ፋቲሃን ቀሩበት። ፕሮግራሙ እንደነበረ ነው፤ እነሱ ግን ቀለል አላቸው።

ወሬው ከግቢው ለመውጣት ጊዜ አልፈጀበትም። ዳቦ ጋጋሪው የማታውን ዳቦ ሲልክ «ለሙንጂ ሰላም በሉልኝ» አለ። ሻዝሊ ግን ራሱ መጣ። የግቢውን በር ተደግፎ ማፍሊያዋን አሻግሮ እያየ፣

«ዘኪያ፣ ለምን ትደክሚያለሽ?» አለ። «አውጥቼ ልውሰዳት። ውሃውን እኔ አወጣለሁ፣ ድርሻሽን አመጣልሻለሁ። ወንድሜ ቢኖር ደስ ይለው ነበር።»

«ወንድምህን ራስህ ጠይቀው» አለችው። «ኮምፒውተሩ ውስጥ ተቀምጧል።»

ሻዝሊ ላለመሳቅ ታገለ፤ አልቻለም። «እስከ ሐሙስ» ብሎ ሄደ። እሱም ስለ ሐሙስ ሰምቷል ማለት ነው።

ረቡዕ ጠዋት ዘኪያ የማፍሊያዋን እጥበት ቀጠለች። የመዳብ ማፍሊያ ድስት አለው፣ ክዳን አለው፣ ከክዳኑ የሚወጣ ረጅም አንገት አለው፤ የአበባው እንፋሎት በዚያ አንገት አልፎ ነው ቀዝቅዞ ውሃ የሚሆነው። ድስቱን ማንም ያጥበዋል። ሥራው ያለው አንገቱ ላይ ነው። አምና የመጨረሻ ያፈሉት አበባ ሳይሆን ጄራንየም የሚባለው ሽታው የበረታ ቅጠል ነበር፣ የጄራንየም ሽታ ደግሞ መዳብ ላይ እንደ ዘመድ ተጣብቆ ይቀራል። አንገቱ ካልታጠበ ዘንድሮ የሚወጣው ውሃ የአበባም አይሆን፣ የጄራንየምም አይሆን። አንድ ዓመት ዘኪያ ቸኩላ ድስቱን ብቻ አጥባ ጣደችው። ሙንጂ የመጀመሪያውን ጠብታ ቀምሶ፣ «አበባችን በላያችን ላይ ሌላ አግብቷል» ብሎ ጎረቤቱን ሁሉ አስቆባታል።

አመዱን በሎሚ ለውሳ፣ የዘንባባ ዘንግ ጫፍ ላይ ጨርቅ አስራ አንገቱን ስትፈትግ፣ ኢናስ ስልኳን ይዛ ከክፍሉ ወጣች። ትምህርት ቤታቸው ኮምፒውተር የሚያስተምር ጓደኛዋን ጠይቃው ነበር።

«አገኘሁት፣ አክስቴ» አለች። «ፕሮግራሙን ስንነቅለው የሚሄደው ፕሮግራሙ ብቻ ነው። ሴቲንጉ ሌላ ቦታ፣ የተደበቀ ፎልደር ውስጥ ይቀራል። አውቀው ነው እንዲህ የሠሩት፤ ሰው ተመልሶ ሲመጣ ቤቱን እንደተወው እንዲያገኘው። ስሙም፣ የምሳው ቃልም፣ የታመመውም ነገር እዚያ ነው ያለው። አዲሱ ፕሮግራም ሲመጣ መጀመሪያ ወደዚያ ይሄዳል።»

ዘኪያ ዘንጉን ከአንገቱ አወጣች። ጨርቁ ጥቁር ሆኗል። አሸተተችውና ለኢናስ ዘረጋችላት።

«ምን ይሸታል?»

«ጄራንየም።»

«ድስቱን እኮ ባለፈው ሳምንት አጥቤዋለሁ።»

ኢናስ ጨርቁን፣ ከዚያ አክስቷን አየች፤ ሳቀች። «በቃ። እሱው ነው። እኛ ከትናንት ጀምሮ ድስት ብቻ ነው ስናጥብ የቆየነው።»

አብረው ገቡ። ኢናስ የተደበቀውን ፎልደር ፈልጋ አገኘችው። ምልክት አደረገችበትና ማጥፊያውን ልትነካ ጣቷን ስታነሳ፣

«ቆይ» አለች ዘኪያ። «ደብዳቤዎቹስ የት ናቸው?»

ኢናስ ፎልደሩን ከፍታ አየች። ከዚያ፣ «እነሱም እዚሁ ናቸው» አለች። «አንድ ላይ ነው የሚቀመጡት።»

ዘኪያ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ደብዳቤዎቹን አንብባቸው አታውቅም፤ ለማንበብም አይደለም የምትፈልጋቸው። ግን ማታ ማታ እሷ ጓዳ ሆና ስትሠራ፣ እሱ እዚህ በሁለት ጣቱ እየመታ፣ የሚጽፈውን ጮክ ብሎ እያነበበላት ነው የጻፋቸው። «ዘኪያ፣ ለረጀብ ‹ሆዳም› ብለው ይቀየማል?» ይላታል። «ጻፈው፣ ያውቀዋል» ትለዋለች። በአፈር የሸፈኑትን ሰው አሁን ደግሞ በገዛ እጇ፣ በአንድ ጣት፣ እርግጠኛ ነሽ ተብላ ተጠይቃ አዎ ብላ ልታጠፋው ነው። ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«ተይው» አለች። «ሻዝሊ ማፍሊያዋን ይውሰዳት። ተይው።»

ኢናስ እጇን ከማሽኑ ላይ አነሳች። ዘኪያ ተነስታ ወደ ግቢው ወጣች። የምትሠራው ሲጠፋት የጀመረችውን መጨረስ ልማዷ ነውና ዘንጉን አንስታ አንገቱን መፈተግ ቀጠለች። ንጹሕ ውሃ አፈሰሰችበት፤ ንጹሕ ሆኖ ወጣ። አሸተተችው፤ መዳብ መዳብ ብቻ ሸተተ። ቀና ስትል የጓዳው በር ተከፍቶ፣ ከመደርደሪያው ላይ ያምናው ውሃ በገለባ በተለበጡት ጠርሙሶች ውስጥ እንደቆመ አየችው። ጄራንየሙም፣ አበባውም፣ አንዱም ሳይነካ።

ዘንጉን ወርውራ ወደ ክፍሉ ሮጠች። እርጥብ ጫማዋ አዳልጧት ልትወድቅ የሙንጂን ቆብ የያዘውን ሚስማር ተደገፈች።

«ኢናስ፣ ደብዳቤዎቹን ለብቻ ማውጣት ይቻላል?»

«ይቻላል። ፍላሽ ላይ መቅዳት ነው።»

«እሱን ነበር አስቀድመሽ መናገር! ውሃውን በጠርሙስ አድርጊልኝ፤ ከዚያ አንገቱን እጠቢልኝ። አመድም ከፈለግሽ አመጣልሻለሁ።»

«አክስቴ፣ እኔ ልናገር ስል አንቺ አለቀስሽ። የሚያለቅስ ሰው ፊት ስለ ፍላሽ ይወራል?»

ቀዳችው። ፍላሿን ነቅላ ዘኪያ መዳፍ ላይ አኖረችላት። የጥፍር ያህል ናት። ዘኪያ ከጠረጴዛው መሳቢያ የሙንጂን የሱረት ቆርቆሮ አውጥታ ከፈተችና፣ ከቀረው ሱረት ጋር ዘጋችባት። ከዚያ ኢናስ ፎልደሩን አጠፋች። ኮምፒውተሩ እርግጠኛ ነሽ ወይ አለ። «ነኝ» አለች ዘኪያ፣ እሷ እንደተጠየቀች ሁሉ።

ፕሮግራሙ ሦስተኛ ጊዜ ተጫነ። ተከፈተ። ከላይ በግራ ማንም የለም። መሃል ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ፦ ስምዎ?

ዘኪያ በአንድ ጣቷ፣ ፊደል በፊደል፣ ስሟን ጻፈች። ላላ ዱጃ ወንፊቱን ሊመልሱ መጥተው ነበር፤ ቆመው ጠበቁ። ቀጥሎ ፕሮግራሙ ሙንጂ የመረጠውን የኢሜይሉን የይለፍ ቃል ጠየቀ።

ኢናስ ግንባሯን መታች። «የይለፍ ቃሉን የሚያውቀው ያጠፋነው ሴቲንግ ነበር። ቅጂው አለ፤ መልሼ ላስገባው?»

«የታጠበ አንገት ላይ የአምናውን አልመልስም» አለች ዘኪያ። «እንፈልገዋለን። ስሜን ሞክሪ።»

ኢናስ ሞከረች። አይደለም።

«ይገርማል» አለች ዘኪያ፣ ቅር እያላት። «የእናቱን ስም።»

እሱም አይደለም። የሚደግፈውን የኳስ ቡድን ሞከሩ፤ አይደለም።

«ልጆች» አሉ ላላ ዱጃ፣ «የምትፈልጉት እኮ የሙንጂን ልብ ነው። የሙንጂ ልብ ያለው የት ነው?»

ሦስቱም ተያዩ።

«ኡስባን» አለች ዘኪያ። ኡስባን በቅመም፣ በሩዝና በጉበት ተሞልቶ የሚሰፋ ጨጓራ ነው፤ ኩስኩስ ላይ ቁጭ ብሎ ሲመጣ ሙንጂ እጁን ታጥቦ በሩ ላይ ይጠብቀው ነበር።

ኢናስ ጻፈችው። ቃሉ ከቁጥር ጋር መሆን አለበት የሚል ነገር ትዝ አላትና የልደት ዓመቱን ጨመረችበት። አልሆነም።

«የተጋባንበትን ሞክሪ» አለች ዘኪያ፣ ቀስ ብላ።

ሆነ። አዳዲሶቹ ደብዳቤዎች እየተንጠባጠቡ መውረድ ጀመሩ።

«እንግዲህ» አሉ ላላ ዱጃ፣ «አንቺም አለሽበት። ከጨጓራው ቀጥሎ።»

ዘኪያ እስክትንበረከክ ድረስ ሳቀች። ከሳቁ ጋር እንባዋም መጣ፤ አሁን ግን ማንም አልደነገጠላት፤ ኢናስም ላላ ዱጃም አብረዋት ይስቁ ነበር። ሻዝሊ በመንገድ ሲያልፍ ሰምቶ ገባ። የሆነውን ነገሩት። ስሟ ከላይ ተጽፎ ሲያይ ቆቡን ከሚስማሩ አውርዶ አቧራውን አራገፈና መልሶ ሰቀለው። «ማፍሊያዋን ከጉልቻው ላይ የሚያነሳልሽ ሰው ስትፈልጊ ጥሪኝ» አለ፤ ስለ መውሰድ አላነሳም።

ለረጀብ የሚጻፈውን ዘኪያ ተናገረች፣ ኢናስ ጻፈች። አጭር ነው፤ የወቅቱ ውሃ በሙሉ ላንተ ነው፣ ላኪዋ እኔ ነኝ ይላል። ግርጌው ባዶ ነበር። ኢናስ ጣቷን አቁማ፣ «እዚህ ምን ይሁን?» አለች።

«ምንም» ልትል ነበር ዘኪያ። ደብዳቤ ያለዚያች ቃል ግን እግር የሌለው ሆኖ ታያት። «ጻፊ» አለች። «ይህን የጻፈችው ሴት እሳት ላይ ማፍሊያ ጥዳለች። መልሳችሁ ቶሎ ይሁን።»

የረጀብ መልስ እሳቱ ሳይነድ ደረሰ። «ደረሰኝ፣ ተመዝግቧል» ይላል። ከሥሩ ደግሞ፣ «ሚስቴ ጨውዋን ጠረገች።»

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ የመጀመሪያው አበባ ተጣደ። ከታጠበ አንገት የሚወጣው የመጀመሪያ ውሃ የመዳብ ጣዕም ስላለው አይሸጥም፣ አይጠጣም፤ አበባው ከተለቀመባት ዛፍ ሥር ይፈሳል። ሁልጊዜ የሚያፈሰው ሙንጂ ነበር። ዘኪያ ጽዋውን ይዛ ሄደች፣ አፈሰሰችው፤ ላላ ዱጃ እልል አሉ፣ ኢናስ ተከተለቻቸው። ግድግዳው ማዶ ያሉት ሴቶችም፣ ምን እንደሆነ ሳያውቁ፣ ተቀበሏቸው።

ዘኪያ ስድስት የአበባ ወቅት በገዛ ስሟ ጻፈችና ሸጠች። በሰባተኛው አንገቱን አጥባ በገዛ ስሟ የጻፈችው ኢናስ ናት።